ራሞንን ያሳገደች ፊርማ

ሰውዬውን ያወቅሁት በጣቱ ነው። ፖላሪስ በሚሉት የገበያ አዳራሽ፣ መነጽር የሚሠሩበት ሱቅ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ወፍራም ሽበታም ሰው መጽሔት ያገላብጣል። የቀኝ እጁ መሃል ጣት ወደ ውጭ ተጣማ የቀረች ናት። እንዲህ ያለች ጣት በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ተነሥቼ ልሄድ ነበር። ጉልበቴ ቶሎ ስለማይታዘዘኝ ነው የቀረሁት። እሱ ቀና ብሎ አየኝ፣ መጽሔቱን ዘጋ፣ "ሲድ?" አለኝ። ስሜ ሰይድ ነው፤ ሲድ ይሉኝ የነበረው ድሮ አንድ ሥራ ቦታ ላይ ነው፣ እሱም ፈርሷል። "ሲድ፣ የጭቃው ሰውዬ" አለና አቅፎ ከወንበሬ አነሣኝ። የሱቁ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። የኔ እጆች ጎንና ጎኔ ተንጠልጥለው ቀሩ።

ራሞን ነበር። ካየሁት ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው። ጣራ ሲሠራ ኖሮ ወገቡ መጎዳቱን፣ ሁለት ሴት ልጆች መዳሩን፣ ሚስቱ መሞቷን አንድ በአንድ ነገረኝ፤ እኔ ደጋግሜ "እንዴት ነህ" አልኩት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አንድ ኮሌጅ የቤዝቦል ወርዋሪዎችን እንዲያሠለጥን ሊቀጥረው ነው፣ ሁሉ አልቋል፣ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ያ የዕድሜ ልክ ዕገዳ። የድሮውን ሊግ የወረሰው ማኅበር ያረጁ ጉዳዮችን መልሶ እያየ ነው፣ ቀጠሮውም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። "እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ያስፈልገኛል" አለኝ። "አለቃው ሞቷል፣ ዶና ሞታለች፣ ቶድ ስልክ አያነሣም። አንተን አላህ አመጣልኝ፤ እንደዚህ አይደል የምትሉት? ሌተር ጻፍልኝ። ያየኸውን ብቻ።" እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ሊለየኝ ሲል ደግሞ ሳቅ ብሎ፣ "በዚያ ቀን የታሸገውን ፋይል ይከፍቱታል" አለኝ፣ "ማን እንደመሰከረብኝ በመጨረሻ አያለሁ።" መነጽሬን ሳልወስድ ወጣሁ።

የመሰከርኩበት እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ለመናገር ወደዚያ ዘመን መመለስ አለብኝ፣ መመለሱንም አልወደውም። ቦታው ኦቤትስ ነው፣ እዚሁ አሜሪካ የምንኖርበት ከተማ ዳር። ዛሬ የኛ ሰዎች በሦስት ሺፍት እየገቡ ካርቶን የሚጭኑበት መጋዘን ተደርድሯል፤ ከመጋዘኖቹ የአንዱ መኪና ማቆሚያ ሥር የቤዝቦል ሜዳ ተቀብሯል። እዚያ መኪናቸውን የሚያቆሙት ልጆች አያውቁም፣ ብነግራቸውም አይሰሙኝም፣ ጆሯቸው ላይ የሰኩት ነገር አለ። ትንሽ ክለብ፣ ትንሽ ሊግ ነበር፤ ቢሆንም ተጫዋቾቹ ደሞዝ ይበላሉ፣ ትኬት ይቆረጣል። የክለቡን ስም አልጽፍም፣ ከሞተ ነገር ጋር ምን አጣላኝ። ቤንዚን ጋሎኑ ከዶላር በታች የነበረ ጊዜ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ሆት ዶግ በሃምሳ ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ እኔ የአሳማ ነው ብዬ ባልቀምሰውም ሽታው ልብሴ ላይ ተሳፍሮ ቤቴ ድረስ ይገባ ነበር። ፓርሰንስ ጎዳና ላይ አውቶቡስ የምጠብቅበት ጥግ፣ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት ቤት ነበር፤ በሦስት ዶላር ትከሻው ሰፊ ቡናማ ኮት ገዝቼ አምስት ክረምት ለበስኩት። የሞተ ሰው ኮት ሳይሆን አይቀርም፤ ብርዱ ግን የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ሐበሻ ያኔ ጥቂት ነበር፣ መንገድ ላይ ከተያየን መኪና አቁመን እንሳሳም ነበር። አሁን ገበያ ውስጥ ጋሪ ለጋሪ ተጋጭተን እንኳ ዝም እንባባላለን። ናፍቆኝ አይደለም ይህን የምለው፤ ያኔም ከመሳሳሙ ቀጥሎ ሐሜት ነበር።

ሥራዬ የልብስ ክፍሉ ነው። የሃያ አምስት ሰው ላብ አጥባለሁ፣ ጫማ እጠርጋለሁ፣ ሎከር አጸዳለሁ። ከሁሉ የምወደው ግን ኳሱን ነበር። አዲስ የቤዝቦል ኳስ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ ስለዚህ ከጨዋታ በፊት ኳሱ ሁሉ በጭቃ ይታሻል፣ ከወንዝ ዳር በሚመጣ፣ እንደ ቅባት በለሰለሰ ጭቃ። ከበዛ ኳሱ ይጠቁርና ዳኛው ይመልሰዋል፤ ካነሰ ወርዋሪው እናትህን ይላል። በምራቅ አርጥበህ፣ በመዳፍህ እያሽከረከርክ፣ ልኩን እጅህ ራሱ ያውቀዋል። በዚህ ነው የጭቃው ሰውዬ ያሉኝ። ያ ሥራ ፊደል አይጠይቅም፤ ለዚያም ነው የወደድኩት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ኮምቦልቻ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ነው ያደግሁት። እስከ አሰብ ያለውን ኩርባ ሁሉ በቃሌ አውቃለሁ፣ መንገድ ዳር የተተከለችውን የከተማ ስም ሰሌዳ ግን ማንበብ አልችልም። በሱዳን በኩል ስንመጣ፣ ካምፕ ውስጥ አንድ ሰው ፊርማ አስተማረኝ፤ ሥዕል ነው ያስተማረኝ፣ ጽሕፈት አልነበረም። ማልያ በቁጥር እለያለሁ። ወረቀት ሲሰጡኝ ዐይኔን ከግራ ወደ ቀኝ እየነዳሁ ወደ ታች አወርደዋለሁ፣ እታች ስደርስ ትንሽ ቆም ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሰው አንድ ገጽ ለማንበብ ምን ያህል እንደሚፈጅበት አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪ እያየሁ አጥንቼዋለሁ። ክለቡ ውስጥ አንድም ሰው አላወቀብኝም። እንዲህ ባለ ነገር ነበር የምኮራው።

ራሞን ወርዋሪ ነበር፤ ኳሷን ወርውሮ መቺውን የሚያሳስት። ከዶሚኒካን ነው የመጣው። ጣቱን አንዲት ተመትታ የመጣች ኳስ ሰብራበት ተጣማ ቀረች፣ እሱ ግን በዚያችው ጣት ኳሷን የሚያጣምምበት መንገድ አገኘ። እንግሊዝኛችን የሁለታችንም ስብርባሪ ስለነበር ተግባባን። ልብስ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ካሴት ማጫወቻ ነበረችን፤ አንድ ቀን የሱ አገር ጊታር፣ አንድ ቀን የወሎ ማሲንቆ።

"ይቺ ሴትዮ ማን ሞቶባት ነው?" ይለኛል።

"ማንም አልሞተባትም። ስለ ፍቅር ነው የምትዘፍነው።"

"የናንተ ፍቅር ቀብር ላይ ነው እንዴ የሚጀምረው?"

"የናንተስ? በሽር ጉድ ያልቃል።"

ይስቃል። ጥርሱ ነጭ ነበር፣ አሁን ግማሹ የለም። ቶድ የሚባለው ደግሞ መቺ ነበር፤ ብጫ ጸጉሩን ወደ ኋላ የሚለቅ፣ አንገቱ ላይ ወርቅ የሚያንጠለጥል፣ ተመልካች እሱን ብሎ የሚመጣለት። ትልቅ ክለብ ሊገዛው ዐይኑን ጥሎበታል ይባል ነበር፤ ከተሸጠ አለቃችን ዕዳውን ሁሉ እንደሚገላገል የማያውቅ አልነበረም። ለኔ ክፉ ሰው አልነበረም። ጫማውን ስጠርግለት አምስት ዶላር ሎከሩ ላይ ይተውልኛል። በዚያ በጋ ግን የቶድ አንገት ከራሱ በለጠ፣ ማልያውን ሁለት ጊዜ በትልቅ ቀየርኩለት። ዛሬ የስፖርት ጋዜጠኞች አበረታች ቅመም የሚሉትን ነገር ያኔ እኛ ጁስ ነበር የምንለው። ቶድ በጺም መላጫ ቦርሳው ይዞት ይመጣል፤ ብልቃጧን በዐይኔ አይቻለሁ። ራሞን ትከሻው ታሞ ነበር። ሁለት ጨዋታ ከተበላሸበት ወደ አገሩ እንደሚሸኙት ያውቃል። አንድ ቀን "ቶድ ይረዳኛል" አለኝ።

"ተው" አልኩት።

"ሲድ፣ የእናቴን ቤት ጣራ ነፋስ ወስዶታል።"

"ጣራ በመርፌ አይሠራም።"

"በምን ይሠራል?"

ጫማ መጥረጌን ቀጠልኩ። ወስዷል፤ አላስተባብልለትም። ቶድ ሲወጋውም አይቻለሁ። ሁለቱም ወስደዋል፣ ያመጣው ቶድ ነው። ይህን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ።

ከዚያ የሆነው ይህ ነው። ማልያ ከቅርጫት ሳወጣ መርፌ አውራ ጣቴን ወጋኝ። እስከ ግማሹ ነው የገባው። ያን ጊዜ የኤድስን ስም ሰው በሹክሹክታ እንኳ አይጠራውም ነበር። ሚስቴ ዘሀራ ልጃችንን ሐናንን አርግዛ ነበር፣ ሰባት ወሯ። ጣቴን እየጨመቅሁ ቆሜ ደሙን አያለሁ፣ አእምሮዬ ውስጥ ያለው ግን የሷ ሆድ ነው። በሩን ሳላንኳኳ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ያየሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ቶድ እንደሚያመጣ፣ ራሞንን ቶድ እንደሚወጋው፣ ሁለቱም እንደሚወስዱ። በዚያች ስብርባሪ እንግሊዝኛዬ፣ ግን ስሞቹ ስም ናቸው፣ ስም አይሰበርም። አለቃዬ አቋረጠኝ አልልም፤ አዳመጠኝ። ራሱ መኪናውን ነድቶ ክሊኒክ ወሰደኝ፣ ሒሳቡን ከፈለ። ሐኪሙ ውጤቱ እርግጥ እስኪሆን ስድስት ወር ጠብቅ አለኝ። ስድስት ወር ሙሉ ሳሎን ወለል ላይ ተኛሁ። ሐናን ስትወለድ እንኳ በአውራ ጣቴ አልነካኋትም። ነጻ ሆኜ ወጣሁ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ያ ስድስት ወር ግን ፊቴ ላይ የጻፈው ነገር እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ከክሊኒኩ ማግሥት ቢሮ አስጠሩኝ። ፀሐፊዋ ዶና በታይፕ የተመታ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠች። አለቃው "የትናንቱ ጉዳይ ነው፣ ለክሊኒኩም ለሊጉም" አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ዶና አልዞረችም። ዝቅ ብላ፣ "ሲድ፣ ረጅም ነው። ጮክ ብዬ ላንብብልህ?" አለችኝ። ዐይኗ አንድ ነገር ይል ነበር። ያኔ አልገባኝም፤ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግሁም። እኔ የሰማሁት "ማንበብ እንደማትችል አውቄብሃለሁ" ስትለኝ ነው። ደሜ ፈላ። "ማንበብ እችላለሁ" አልኳት፣ እንደሚነጥቅ ሰው ሳብኩት። ዐይኔን ከግራ ወደ ቀኝ ነዳሁት፣ እስከ ታች አወረድኩት፣ ቆም አልኩ፣ ነቀነቅሁ። "አንብቤዋለሁ፣ ልክ ነው" አልኩ። ፈረምኩ። የሚያምር ፊርማ ነበረኝ። ዶና አንድ ኮፒ አጥፋ ኪሴ ከተተችልኝ።

አራት ቀን ሳይሞላ ፍርዱ መጣ። ቶድ አሥራ አምስት ቀን እንዳይጫወት። ራሞን ዕድሜ ልኩን፣ በዚያ ሊግም ከዚያ ሊግ ጋር ውል ባለው ሊግ ሁሉ። አንድ መርፌ፣ አንድ ብልቃጥ፣ አንድ ክፍል፤ ለአንዱ ሁለት ሳምንት፣ ለአንዱ ዕድሜ። ራሞን ሎከሩን ባዶ እያደረገ እያንዳንዱን ሰው ጠየቀ፤ "አንተ ነህ? አንተ ነህ የነገርካቸው?" ካልሲ እያጠፍኩ ተራዬን ጠበቅሁ። አጠገቤ ሲደርስ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ "አንተን አልጠይቅህም" አለኝና ሄደ። ስለ ሁለቱም ስለተናገርኩ ሕሊናዬን በግማሹ አሳመንኩት፤ እኔ እውነቱን ነግሬያለሁ፣ ያዳሉት እነሱ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ምን ሳደርግ እንደኖርኩ ልንገራችሁ። ሳወራ ኖርኩ። ሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጬ፣ ሐጂ ኡመር የሚባሉ ያገሬ ሽማግሌ ባሉበት፣ ሰው አገሩን ሲያመሰግን እየጠበቅሁ አፈርጠዋለሁ። "አሜሪካ ፍርድ አለ" የሚል ሰው ካለ አለቀለት። የራሞንን ታሪክ አመጣለታለሁ፤ ነጭ ለነጭ አዳልቶ፣ ጥቁሩን ቀብሮ። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ብሏል ያገሬ ሰው" እላለሁ፣ ጠረጴዛ እመታለሁ። ሐጂ ኡመር "ለመሆኑ ማን ነው ልጁን ያጋለጠው?" ብለው አንድ ጊዜ ጠየቁኝ። "አንዱ ሆዳም" አልኳቸው። ከዚያ ክለቡ ተዘጋ፣ ቶድም ሳይሸጥ ቀረ፣ ሜዳውን ቡልዶዘር ገለበጠው። እኔ መጋዘን ገባሁ፣ ዕቃ ጫንኩ፣ ፎረስት ፓርክ የሚሉት ሰፈር ቤት ገዛን፣ ሐናን አደገች። የሰፈሩ ሰው ጋሼ ሰይድ ይለኝ ጀመር። ምሬቴን እንደ ጡረታ ሰበሰብኩት።

ሐናን ኮሌጅ በገባች ዓመት ማንበብ ተማርኩ። መጀመሪያ አማርኛውን፤ ዘሀራ ናት ያስተማረችኝ፣ እሷም የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ እንደ ልጅ እጄን እየመታች። ቀጥሎ እንግሊዝኛውን ላይብረሪ ሄጄ፣ ከልጄ እኩያ አስተማሪ ጋር። ሰው ሁሉ "ማሻአላህ፣ በዚህ ዕድሜ" ይለኛል። እኔ የሚያናድደኝ ነገር ጨመረ እንጂ፤ ግድግዳው ሁሉ፣ መኪናው ሁሉ፣ ሱቁ ሁሉ ይናገር ጀመር፣ አብዛኛው ውሸት። እንግዲህ በስደት የመጣ ሰው ወረቀት አይጥልም፣ ታውቃላችሁ። የካምፑ ካርድ፣ የአውሮፕላኑ ትኬት፣ የመጀመሪያው ክትባት፣ የውሃ ቢል ሳይቀር ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ታጭቆ አልጋ ሥር ይቀመጣል፤ አንድ ቀን አንድ መኮንን "አምጣ" ይላል እያልን። ያንን ቦርሳ ማንበቢያ አደረግሁት። በየቀኑ አንድ ወረቀት አወጣለሁ፣ ጣቴን እያስኬድኩ አነባለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዘሀራ ሽንኩርት እየላጠች፣ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ወጣች። "እኔ ሰይድ" ይላል መነሻው። ራሞን መድኃኒቱን ከአገሩ አምጥቶ ለተጫዋቾች ሲያድል በዐይኔ አይቻለሁ፤ ቶድን ቫይታሚን ነው ብሎ አታልሎ ሲወጋው አይቻለሁ፤ ሌላ ሰው ሲያመጣ አላየሁም፤ ይህን ቃል አንብቤ ተረድቻለሁ። ከሥሩ ያቺ የምታምር ፊርማ። የሐሰት ምስክርነት ከታላላቆቹ ኃጢአቶች አንዱ እንደሆነ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ዘሀራ "ምን ሆንክ?" አለችኝ። "ሽንኩርትሽ ነው" አልኳት።

ይኸው አሥራ አንድ ዓመት። ለሰው አልተናገርኩም። ራሞንን አልፈለግሁትም፤ ስሙን ሐናን ስልኳ ላይ ብትጽፈው በአምስት ደቂቃ ታገኘው ነበር። ምግብ ቤት ተቀምጬ የራሞንን ነገር ማውራት ብቻ ተውኩ። ሰዉ ጋሼ ሰይድ አረጀ፣ ለሰለሰ አለ።

ከፖላሪስ የተመለስኩ ዕለት ሌተሩን ጻፍኩ። አጭር ነው፤ ሁለቱም ወስደዋል፣ ያመጣው ቶድ ነው፣ ቅጣቱ አዳልቷል። ቃል በቃል እውነት። ስለ ፊርማዬ የለበትም። ቀጥሎ ሌላ ጻፍኩ፣ ፊርማዬ ያለበትን። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ዘጠኝ ቀን ዞርኳቸው። የመጀመሪያውን ሰጥቼ በቀጠሮው ቀን ታምሜያለሁ ብል? ፋይሉን ይከፍታሉ፣ ያው ስሜ እዚያ አለ፣ ሌተሬም በገዛ ፊርማዬ ይጣላል፤ ራሞን ሥራውን ያጣል፣ የኔንም ጉድ እዚያው ባዕድ ሰው ፊት ይሰማል። ሐናን ቅዳሜ ጧት ከሆስፒታል ሺፍቷ ወጥታ መጣች፣ ሁለቱንም አነበበች።

"ዳድ፣ ዊች ዋን ኢዝ ትሩ? የትኛው ነው እውነቱ?"

"ሁለቱም።"

"ኖ፣ ዳድ" አለችኝ። ጫማዋን አውልቃ ወደ ውስጥ ገባች።

ዘሀራ ናት ያዘነችልኝ። "የሐናን አባት፣ ለኔ ፈርተህ ነው እኮ። ሆዴ ውስጥ ላለችው ፈርተህ ነው የተናገርከው። ይኸን ንገረው።"

"ፈርቼ ተናገርኩ፣ ኮርቼ ፈረምኩ" አልኳት። "ሁለት ነገር ነው፣ አታደባልቂብኝ።"

ራሞን በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ሌተሩን ሊወስድ መጣ። ብስኩት በካርቶን ይዞ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ። ዘሀራ ሻይ አቀረበችለት፣ እጁን ይዛ ብዙ ጊዜ ቆየች፣ ወደ ጓዳ ገባች። ሌተሩን አልሰጠሁትም። አሮጌዋን ወረቀት ዘረጋሁና "መጀመሪያ ይህን ስማ" አልኩት። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ እያልኩ፣ ቃሉን ሳልዘል አነበብኩለት። ፈገግ ብሎ ጀመረ፤ ቫይታሚን የሚለው ላይ ስደርስ ፈገግታው ጠፋ። ፊርማው ላይ ደረስኩ፣ ስሜን አነበብኩ። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

"እንደገና አንብበው" አለኝ።

እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ነገርኩት፤ መርፌውን፣ ዶናን፣ ዐይኔን እንዴት እንዳወረድኩት። ሳላሳምር።

"ማንበብ አትችልም ነበር" አለ።

"አልችልም ነበር።"

"መቼ ተማርክ?"

"አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።"

"ይህቺንስ መቼ አነበብካት?"

"በዚያው ዓመት።"

ሻዩን አየው። አልጠጣውም። "ያኔ የፈረምካትን" አለ፣ "ያኔ አትችልም ነበር፣ እሺ። አሥራ አንዱን ዓመት ግን ማንበብ ትችል ነበር።" ተነሣ። ሁለተኛውን ሌተርና አሮጌዋን ወረቀት አንድ ላይ አጥፎ ኪሱ ከተተ። በሩ ላይ ሳይዞር፣ "ሐሙስ በአራት ሰዓት ነው። ራስህ ነድተህ ና" አለኝ።

ሐሙስ ራሴ ነድቼ ሄድኩ። የሆቴል መሰብሰቢያ ክፍል ነው፣ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፣ መሃል ያለችው ሸምገል ያለች ሴት ናት። ራሞን ከክፍሉ ማዶ ተቀምጧል፣ አላየኝም። ሴትዮዋ ፋይሉን ከፈተች፣ ወረቀቴን ወደኔ ገፋችልኝ።

"ፊርማው ያንተ ነው?"

"የኔ ነው።"

"ቃሉስ?"

"ቃሉ የኔ አይደለም። ግን ላንብብልህ ብለውኝ ነበር፣ አንብቤዋለሁ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ጻፈች። "አቶ ራሞን መድኃኒቱን ወስደው ነበር?" አለችኝ። አንዴ በሐሰት የጣልኩትን ሰው አሁን በእውነት ልጥለው ነው? ወደ ራሞን ዞርኩ። ራሞን ከማዶ ሆኖ እሱ መለሰላት። "ወስጃለሁ" አለ። "ያኔም አልካድኩም፣ አሁንም አልክድም። አንድ በጋ ብታግዱኝ፣ ሁለት በጋ ብታግዱኝ፣ አፌን ዘግቼ እቀጣ ነበር። እኔ የጠየቅሁት ቅጣቱ በልኩ እንዲሆን ነው።" ከዚያ ሴትዮዋ ወደኔ ዞራ "ያመጣው ማን ነበር?" ስትለኝ ነገርኳት።

አንድ ሰዓት ያህል አስጠበቁን፤ እሱ በአንዱ ወንበር፣ እኔ በአንዱ፣ በመሃላችን የውሃ ማሽን። ሲጠሩን ጥፋቱ ጥፋት ነው፣ ቅጣቱ ግን ከልኩ አልፏል፣ ዕገዳው ከዛሬ ጀምሮ ተነሥቷል አሉ። ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረበትም። የባከነውን ዕድሜ የጠቀሰም የለም። ራሞን እጃቸውን ጨበጠ፣ ወጣ።

ፒክአፕ መኪናው አጠገብ ደረስኩበት። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አስገብቶ ቆመ። እኔ የተዘጋጀሁት ለስድብ ነበር፤ ስድብ እችላለሁ፣ ሕይወቴን ሙሉ ሰድቤያለሁ።

"ዕድሜ ልክ አልልህም" አለኝ። "ዕድሜ ልክ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ለማንም አልሰጥም። አንድ ዓመት። አትደውል፣ ቤቴ አትምጣ፣ ሰው አትላክብኝ።"

"ከዛሬ ነው የሚቆጠረው?"

"ከዛሬ።"

"ዓመቱ ሲያልቅ ብደውል ታነሣለህ?"

አሰበበት። "አነሣለሁ" አለና በሩን ዘጋ።

አሁን ኮሌጁ ውስጥ ያሠለጥናል፤ ሐናን ስልኳ ላይ ፎቶውን አይታለች፣ "ዱ ዩ ዋና ሲ?" አለችኝ፣ አልፈልግም አልኳት፤ ማየቱም እሱ ዘንድ እንደ መሄድ ነው። እኔም ምግብ ቤቱ ሄጄ ታሪኩን በሙሉ ተናገርኩ፤ ያ ሆዳም ያልኳችሁ እኔ ነኝ አልኩ። አንዳንዱ ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ነው ሰላም የሚለኝ፣ አልፈርድበትም። ሐጂ ኡመር ግን ያገራችንን ልማድ ይዘው ተነሡ። የተጣላ ይታረቃል፣ የበደለ ሽማግሌ ይልካል፣ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል፤ እኛ እንዲህ ነን። ባለፈው ዒድ ከሶላት ስንወጣ ክንዴን ያዙኝ።

"ሰይድ፣ ሦስት ሰው ሆነን እንሂድ። ዓመት ምንድን ነው? ሰው ነው፣ ይለዝባል። ዛሬ ብንሄድ ዛሬ ይቅር ይልሃል።"

"አይሆንም፣ ሐጂ። ሰው አትላክ ብሎኛል።"

"ይቅርታ ለመጠየቅ ቀን ይቆጠራል እንዴ?"

"እኔ ይቅርታ እየጠየቅሁ አይደለም" አልኳቸው። "ተቀጥቼ ነው። ሰባት ወር ቀርቶኛል።"